ቀይ ጅራት ያላት ጄት

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ አሜሪካ አዲሷ ማሰልጠኛ ጄት ስለ ቲ-7ኤ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጉጉት አነበብኩት። ከድምፅ የምትፈጥነው ቲ-38 እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ስታሰለጥን ኖራለች፤ ተተኪ ማግኘቷ ተገቢ ነው። እኔን የማረከኝ ግን የአዲሷ ቀይ ጅራት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካዋ የቱስኪጊ ከተማ የሰለጠኑት ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች የአውሮፕላናቸውን ጅራት ቀይ ይቀቡ ነበር። ቀለሙ የእነሱ መታሰቢያ ነው።

ጆን ሮቢንሰንን ግን ረሳችሁት፤ በጣም ቆጨኝ። ቱስኪጊ ኮሌጅ የተማረ፣ እዚያ የበረራ ትምህርት እንዲጀመር የወተወተ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ሲወረን ለኛ በረረ፣ አየር ኃይላችንንም መራ። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ተመልሶ ወጣቶቻችንን አብራሪ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1954 ሕይወቱ ያለፈውም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ስሙን አውጡልን።

አክባሪያችሁ፣
ከአዲስ አበባ