ለገበታው መላወሻ ተዪለት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክሁልሽ የዋንዛ ጣውላ ድሬዳዋ በሰላም በመድረሱ ደስ ብሎኛል። ሆኖም 90 ሳንቲሜትር ወርድ ያለውን የጠረጴዛ ገበታ በሁለቱም ጫፍ አግዳሚ እንጨት ገጥመሽ፣ ከዳር እስከ ዳር በኮላና በብሎን ልታስሪው ማሰብሽን በስልክ ስትነግሪኝ ልቤ ስላላረፈ ይህን ጻፍሁልሽ።

በወጣትነቴ እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር። በሐምሌ እዚህ ጅማ የሠራሁትን ጠረጴዛ አንድ ደንበኛ ወደዚያው ወደ ድሬዳዋ ወሰደው፤ ጥር ሳይጋመስ ገበታው ተሰንጥቆ እርሳስ የሚያሾልክ ክፍተት አወጣ። ሄጄ ሳየው ኮላው የያዘው መጋጠሚያ ምንም አልሆነም፤ የተቀደደው እንጨቱ ራሱ ነበር።

እንጨት ደርቆ ዕቃ ከሆነ በኋላም ከአየሩ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ አየሩ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህም የሚሆነው በወርዱ ነው እንጂ የቁመቱ ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የጅማን ክረምት የጠገበ ያን የሚያህል ገበታ እናንተ ዘንድ በበጋ እስከ 1 ሳንቲሜትር ሊጠብ ይችላል፤ ጫፉ ላይ የተጋደመው እንጨት ግን ቁመቱ በገበታው ወርድ በኩል ስለሚውል አብሮት አይጠብም። ገበታው ልሰብሰብ ሲል አግዳሚው አላስኬድ ይለዋል፣ ኮላውም አይለቅም፤ ስለዚህ የሚሰነጠቀው እንጨቱ ይሆናል። (የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ስለሚፈለፈል የመጋጠሚያ ጣጣ የለበትም፤ ጠረጴዛ ግን ያለ መጋጠሚያ አይቆምም።)

እንግዲህ ለገበታው ጫፍ ምላስ (ከውፍረቱ መሐል ቀጠን ብሎ የሚወጣ ጠርዝ) አውጪለት፣ አግዳሚውንም ቦይ ቆፍረሽ በምላሱ ላይ አልብሺው፤ ኮላ የምትቀቢው ግን መሐሉን ብቻ፣ አራት ጣት ያህል ነው። ከዚያ አግዳሚውንና ምላሱን በስተሽ የእንጨት ችንካሮች ታሳልፊባቸዋለሽ። በምላሱ ላይ የመሐሉ ቀዳዳ ክብ ሆኖ ችንካሩን አጥብቆ ይያዝ፤ ወደ ዳር ያሉት ግን በገበታው ወርድ አቅጣጫ ሞላላ ይሁኑ፣ ምላሱ በችንካሩ ዙሪያ ወዲያና ወዲህ እንዲል። ገበታውን ከእግሮቹ ማያያዣ ጋር ስታስሪም ኮላ አታስነኪው፤ ብሎኑን ከታች በሞላላ ቀዳዳ አሳልፊና በቀዳዳው መሐል ላይ አቁሚው።

ቫርኒሽ እርጥበቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ላዩን ብቻ ቀብተሽ ታቹን ባዶ ከተውሽው ደግሞ ገበታው ይጣመማል።

አሁን ጣውላዎቹን በመሐላቸው ቀጫጭን እንጨት እየከተትሽ ጥላ ውስጥ ደርድሪያቸው። የአንዱን ወርድ ዛሬ ለክተሽ እዚያው ላይ በእርሳስ ጻፊ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ድገሚና ሁለቱንም ቁጥር ላኪልኝ፤ የሞላላውን ርዝመት አብረን እናሰላዋለን።

አባትሽ
ከጅማ