30 ዓመት የሞላው ሁሉ ጥንታዊ ከተባለ ጅማ ሙሉዋ ሙዚየም ናት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ከረማችሁ? ሰሞኑን አንድ አንባቢያችሁ «30 ዓመት የሞላው መኪና ሁሉ ጥንታዊ ተብሎ ይመዝገብ፤ ከዓመታዊ ምርመራና ክፍያም ነፃ ይሁን» ብለው የጻፉትን አነበብኩ። አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው መኖሩ በራሱ ደስ ይለኛል። በሐሳቡ ግን አልተስማማሁም። ጸሐፊው ጅማ መጥተው አንድ ቀን ቢውሉ እሳቸውም የሚተውት ይመስለኛል።

እዚህ 30 ዓመት ብርቅ አይደለም። ጠዋት ከአጂፕ ተነስታችሁ እስከ ሂርማታ መርካቶ በእግራችሁ ሂዱ። ከባጃጅ ጋር እየተጋፉ የሚያልፉት ዲኤክሶች፣ የኋላ መዝጊያቸው በገመድ የታሰረ ፒካፖች፣ ማርሚታቸው ተቀዶ ሰፈሩን የሚያናውጡት የጭነት መኪኖች፣ ብዙዎቹ ከሹፌሮቻቸው ይበልጣሉ። ማንም ቆሞ ፎቶ አያነሳቸውም። ሥራ ላይ ናቸው። እኔ ደግሞ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ፤ ሕጉ እሳቸው እንዳሉት ቢወጣና ሰው ሁሉ አሮጌውን ልጠግን ቢል ለሱቄ ሠርግና ምላሽ ነበር። ቢሆንም እውነቱን ልናገር።

ለመሆኑ 30 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ፊቫ የሚባል የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ ነው። እነሱ አንድን መኪና ታሪካዊ የሚሉት ቢያንስ 30 ዓመት ሲሞላው፣ የቀድሞ ይዞታውን ጠብቆ ሲኖርና የዕለት ተዕለት መጓጓዣ መሆኑን ሲያቆም ነው። ሦስቱም አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። የኛ ሰው ግን የመጀመሪያዋን ይዞ ሁለቱን ጥሎ ይሮጣል።

ቁጥሩ ራሱም ከሰማይ የወረደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 የተቋቋመው የአሜሪካ ጥንታዊ መኪና ክለብ 25 ዓመት ይበቃል ይላል። ጀርመኖች 30 ብለዋል፤ ግን ባለሙያ አይቶ ካልመሰከረ ሰሌዳው ላይ ያቺን «ኤች» ፊደል አይጨምሩም። እንግሊዞች 40 ዓመት ሲሞላው የመንገድ ግብሩን ያነሱለታል። እዚያው እንግሊዝ ከለንደን ብራይተን የሚደረገው ዝነኛ ጉዞ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1905 በፊት ያልተሠራ መኪና አያስገባም። የጉምሩክ ሰዎች አንድን ዕቃ አንቲክ ለማለት ከ100 ዓመት በላይ ይፈልጋሉ። የኛው ሕግ ከሁሉም ይብስ ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ቅርስ አዋጅ ጥንታዊ የሚለው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የነበረውን ነው። ካርል ቤንዝ መኪናውን በፈጠራ ያስመዘገበው በ1878 ዓ.ም. ነው፤ አፄ ምኒልክ መኪና ያዩት ደግሞ በ1900 አካባቢ። በዚያ አዋጅ ቢሄድ የቤንዝ የመጀመሪያዋ መኪና ራሷ ጅማ ብትመጣ አታልፍም ማለት ነው!

ወደ ዕድሜ ስንመጣ ሌላ ጣጣ አለ፤ ይሄኛው እንኳ የኛው ብቻ ነው። ዓመቱ በማን አቆጣጠር ነው? ሊብሬ ላይ «1979» ተብሎ ተጽፏል እንበል። በኛ ከሆነ መኪናው ዘንድሮ በ2018 ገና 39 ዓመቱ ነው። በፈረንጆቹ ከሆነ 46 ወይም 47 ነው። 40 ዓመት የሚል ሕግ ቢወጣ ያው አንድ መኪና በአንዱ ያልፋል፣ በሌላው ይወድቃል። በዚህ ነገር ሱቅ ውስጥ ያልተጨቃጨቅንበት ጊዜ የለም። ደንበኛው «ሞዴሉ ስንት ነው?» ስለው ሊብሬውን አይቶ ይነግረኛል፣ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፣ ከሰዓት ተመልሶ «አልገጥም አለ» ይላል። ደላሎች ደግሞ አሳምረው ያውቁበታል። መኪናውን ወጣት ማስመሰል ሲፈልጉ «በኛ ነው» ይላሉ፤ ብርቅ ማስመሰል ሲፈልጉ «በፈረንጅ ነው»። የተሠራበት ዓመትና እዚህ አገር ገብቶ ሰሌዳ የወጣበት ዓመት የሚምታታባቸውም ሞልተዋል።

ስለዚህ ከወረቀቱ በፊት ብረቱን ማንበብ ይሻላል። በቅርቡ አንድ ጡረታ የወጡ የሰፈራችን አባት ቮልሳቸውን ይዘው ጋራዥ ገቡ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። መካኒኩ የኋላ ወንበሩን አነሳው። በቀኝ በኩል ባትሪው አለ፤ ቮልስ ባትሪዋ እዚያ ነው። ከሥሩ ያለው ወለል በአሲድና በጅማ ዝናብ ተበልቶ ባቲላሜራው ከበርሜል በተቆረጠ ላሜራ ደርቦታል፤ ብየዳው ጎርበጥባጣ ነው ግን ጠንካራ ነው። መሐሉ ላይ ከፍ ብሎ የሚያልፈው ብረት በአፈርና በዘይት ተሸፍኗል። ቤንዚን የነካ ጨርቅ አምጥቶ ፈተግ ፈተግ ሲያደርገው ቁጥሩ ወጣ። በ117 ይጀምራል። በነዚያ ዓመታት ቮልሶች ላይ 11 የመኪናውን ዓይነት፣ ሦስተኛዋ ቁጥር የሞዴሉን ዓመት ነው የምትናገረው። ሰባት ማለት የ1967 ሞዴል፤ በኛ ከ1958 ነሐሴ እስከ 1959 ሐምሌ ባለው ጊዜ ከፋብሪካ የወጣች። ሊብሬው ግን ዕድሜዋን በሰባት ዓመት ቀንሶታል። ለምን እንደሆነ ከላይ ያለውን ያነበባችሁ ታውቃላችሁ።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ ቅርስ ነው የሚነዱት» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔም እሷም ጡረታ ወጥተናል» አሉኝ፤ «ልዩነቱ ለእኔ ይከፈለኛል፣ ለእሷ ግን እኔ እከፍላለሁ።»

ይቺን ቮልስ ጥንታዊ ናት ወይ ብትሉኝ፣ ናት። ሞተሯ የመጀመሪያው አይደለም፤ ከሌላ ቮልስ የመጣ ነው። ቀለሟም ተደጋግሞ ተቀብቷል። ግን ሞተሩ የዘሯ ሞተር ነው፣ የፊት መብራቷ ያው ጋደል ያለው የድሮው ነው፣ መሪዋም ያው ቀጭኑ። ያ የበርሜል ላሜራ ደግሞ እኔ እንደ ነውር አላየውም። ፊቫ ያጸደቀው የቱሪን ቻርተርም መኪናው በሥራ ዘመኑ ያገኘው ለውጥና የአጠቃቀም አሻራ የታሪኩ አካል ነው የሚል መንፈስ ያለው ነው። ጅማ ውስጥ የኖረች ቮልስ ጅማ ውስጥ የተጠገነች ብትመስል ምን ይገርማል? ከጀርመን ሣጥን ውስጥ አሁን የወጣች ብትመስል ነው የሚያጠራጥረኝ።

በሌላ በኩል ቸርኬው በሚያብረቀርቅ ዘመናዊ ቸርኬ የተቀየረ፣ ዳሽቦርዱ ተበስቶ ስክሪን የተገጠመለት፣ በሮዝ ቀለም ተነክሮ ለሠርግ የሚከራይ ቮልስም አይተናል። ሥራው ጥሩ ነው፣ ሙሽሮቹም ይደሰቱበት። ጥንታዊ ብሎ መመዝገብ ግን ሌላ ነገር ነው። የሞዴሉ ዕድሜና የመኪናው ዕድሜም መለየት አለበት። ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ላዳም እንዲሁ ናት። እ.ኤ.አ. በ1966 ከወጣችው ፊያት 124 ተወልዳ፣ ያ የድሮ መልኳ እስከ 2012 ድረስ ሲሠራ ቆይቷል። መልኳን አይቶ «ይቺ የጃንሆይ ዘመን ናት» ማለት ያስቸግራል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ላንድሮቨር ነው። እኛ አካባቢ ወደ ቡና ገጠሮች መንገድ ሳይኖር የገባው እሱ ነው፤ ስለዚህ እንወደዋለን፣ ስለዚህም እንሳሳታለን። ገላው አልሙኒየም ነው፣ አይዝግም። ገላውን ከሥር የተሸከመው ሻንሲ ግን ብረት ነው። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ሲጋገርበት ከርሞ ከውስጥ ይበላል፤ ላዩ ግን ያው ሎሚ የመሰለ ነው። ደግሞ ሁሉ ነገሩ በብሎን ስለሚታሰር ስፖርቴሎውን ከአንዱ፣ ፓራፋንጎውን ከሌላው ፈትቶ መግጠም ቀላል ነው። ጋራዥ ውስጥ አንድ አይቻለሁ፤ ፊቱ መብራቶቹ በፍርግርጉ መሐል ያሉት የፈረንጆቹ 60ዎቹ ፊት፣ በሮቹ የሌላ ጊዜ፣ ኮፈኑን ስትከፍቱት ደግሞ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ተቀምጦ ይስቅባችኋል። ባለቤቱ «1955 ሞዴል» ብሎ ዋጋ ጠርቶበታል። የቱ ነው 1955? ኮፈኑ? እንዲህ ያለው ሲመጣ እኔ ሻንሲውን ነው የማምነው። የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ከገጠመና ሞተሩ ቢያንስ የዘሩ ከሆነ እንነጋገር። ካልሆነ ጥሩ የሥራ መኪና ነው፣ ይሥራበት።

ጸሐፊው ከምርመራ ነፃ ይሁኑ ያሉት ነው ግን በጣም ያስደነገጠኝ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ 40 ዓመት ያለፋቸውንና ብዙ ያልተቀየሩትን ከዓመታዊ ምርመራ ነፃ አድርገዋል፣ እውነት ነው። የእነሱ መኪና ግን እሑድ ፀሐይ ስትወጣ ተወልውሎ ሽርሽር የሚሄድ ነው። የኛው ሰው ጭኖ፣ ፖርቶባጋሊው ላይ ጆንያ ቆልሎ፣ የጊቤን ቁልቁለት የሚወርድ ነው። ያንን ቁልቁለት ያለ ምርመራ ፍሬን? ቦሎ ሳይለጥፍ? ዕድሜ ሲገፋ ምርመራው ይብዛ ቢሉ ይገባኛል።

የዕለት ሥራ ላይ ያለውን መኪና ጥንታዊ ማለት ለባለቤቱም አይጠቅምም። አንዴ ቅርስ ከተባለ አትቀይር፣ አትንካ፣ አትሽጥ የሚል ሰው ይመጣል። ቤተሰቡን በፒካፑ የሚያስተዳድር ሰው ሞተሩ ሲሞት ያገኘውን ሞተር ገጥሞ ነገ ጠዋት መውጣት አለበት። እሱን ማን ይከለክለዋል?

ነገሩ ደግሞ ከዚህ በኋላ እየባሰ ነው የሚሄደው። ከ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ ወዲህ ያገለገለ መኪና ማስገባት ወገብ ይቆርጣል። በ2016 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። ኤሌክትሪኩ ይምጣ፣ አልጠላሁም። ግን ያለው ነዳጅ መኪና ተጠግኖ ተጠግኖ ይኖራል ማለት ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ 30 ዓመት ያልሞላውን መፈለግ ሊከብደን ነው። ዕድሜ እንዲህ ከረከሰ ዕድሜን ብቻ መስፈርት ማድረግ ምንም አለመለየት ነው።

እኔን ከጠየቃችሁ እንዲህ ይሁን፤ ከተሠራበት ዓመት 40 ይሙላ፣ ዓመቱም በሻንሲ ቁጥር ይረጋገጥ እንጂ በሊብሬ ብቻ አይታመን። ገላው፣ ሻንሲውና የሞተሩ ዘር አንድ ይሁኑ። እዚህ በሥራ ዘመኑ የተደረገለት ጥገና አይቆጠርበት፤ ከጡረታ በኋላ ለጌጥ የተቀየረው ይቆጠርበት። ከዕለት ሥራም ይውጣ። ምርመራው አይቅር፣ ክፍያው ግን ይቀነስለት፤ እኚያ አባት በወር ስንት ጊዜ ነው ያቺን ቮልስ የሚያስነሷት?

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉም በላይ ቢታይ እላለሁ፤ ታሪኩ የታወቀ ይሁን። ጅማ ሙዚየም ገብታችሁ የአባ ጅፋርን ዕቃዎች ስታዩ፣ የሚያስቆማችሁ የማን እንደነበሩ ስለሚታወቅ ነው። መኪናም እንደዚያው ነው። ማን ገዛው፣ የት ሠራ፣ ማን ጠገነው። የድሮውን የግዢ ደረሰኝ፣ የመጀመሪያውን ሊብሬ፣ ኮፈኑ ላይ ተቀምጣችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ ያስቀመጣችሁ ሰዎች ካላችሁ እባካችሁ አትጣሉት። ከሰፈራችን አንድ ላንድሮቨር ባለቤቱ ካረፉ በኋላ ለቆራሌ ተሽጧል፤ ወረቀቱ ግን ከዚያ በፊት እሳት ማቀጣጠያ ሆኖ አልቆ ነበር። ያ መኪና ሻንሲውም ፊቱም ሞተሩም የራሱ ነበር። አሁን ሳስበው ከላይ በጻፍኩት መስፈርት ሁሉ ያልፍ ነበር።

ለማንኛውም ጸሐፊው የራሳቸው መኪና ምን እንደሆነ አልጻፉልንም። የኋላ ወንበሩን ወይም ኮፈኑን ያንሱና ቁጥሩን ጠርገው ያንብቡ፣ ከሊብሬያቸው ጋር ያስተያዩት፣ ስንት ዓመት እንደጎደለ ወይም እንደተረፈ በዚሁ ጋዜጣ ይጻፉልን። ዕቃ ከቸገራቸውም ጅማ ብቅ ይበሉ፣ የቮልስ ካንዴላ አለኝ።

መለዋወጫ ነጋዴው፣ ከጅማ