አረንጓዴው ጠርዝ ከየት ይመጣል?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ ስለ አገራችን የሙዚቃ ክሊፖች በጻፉት አስተያየት፣ ዘፋኙ በአረንጓዴ ጨርቅ ፊት ተቀርጾ ጨርቁ በኮምፒውተር በሌላ ምስል ሲተካ፣ ከኋላው ከገባው ምስል ጋር ሳይዋሐድ ዙሪያውን በአረንጓዴ ክር የተዘመዘመ መስሎ የሚታየው «ኤዲተሮቹ ሥራቸውን ስለማያውቁ ነው» ብለዋል። እኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቪዲዮ በማቀናበር የምተዳደር ሰው ነኝ። ነቀፌታውን በከፊል እቀበላለሁ፤ ይሁን እንጂ ያ ጠርዝ በአብዛኛው የሚፈጠረው ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በቀረጻው ዕለት ስለሆነ፣ ከየት እንደሚመጣና ምን ያህሉን ማዳን እንደሚቻል እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ።

ባለፈው ጥር አንድ ደንበኛ በፍላሽ ያመጣልኝን ቀረጻ እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ዘፋኟ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ ደርባ፣ እጥፋቱ እንኳ ካልተተኮሰ አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ ትዘፍናለች። ጨርቁን የሚያበራለት የራሱ መብራት ስላልነበረ ጥላዋ ሙሉ በሙሉ እላዩ ላይ አርፏል፤ ከወገቧ በታች ያለው አረንጓዴ ወደ ጥቁርነት ተጠግቷል። ከጀርባዋ እንዲገባ የተፈለገው የፋሲል ግቢ ነው። ግቢው ቀረጻው ከተካሄደበት አዳራሽ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ለምን እዚያው እንዳልሄዱ ግን አልጠየቅሁም።

ጨርቁን የሚያጠፋው ሶፍትዌር የሰውን ልጅ ከጨርቅ ለይቶ አያውቅም። የሚሠራው በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ አረንጓዴው ከቀዩና ከሰማያዊው ምን ያህል እንደሚበልጥ በመመዘን ነው፤ ልዩነቱ ሰፊ የሆነበትን ያጠፋል፣ ጠባብ የሆነበትን ይተዋል። ጨርቁ አንድ ቦታ ደማቅ፣ ሌላ ቦታ ጨለማ ሲሆን ሚዛኑ ይዛባል። በዚህ ላይ የካሜራው አመዘጋገብ ይጨመራል። የኮዳክ መሐንዲስ የነበረው ብራይስ ባየር በ1976 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያገኘበትና እስከ ዛሬ በብዙዎቹ ካሜራዎች ውስጥ ያለው አሠራር ከብርሃን ተቀባይ ሕዋሳቱ ግማሾቹን ለአረንጓዴ ስለሚመድብ፣ ከሦስቱ ቀለማት የጠራው አረንጓዴው ነው፤ ጨርቁ አረንጓዴ እንዲሆን ከሚመረጥባቸው ምክንያቶችም አንዱ ይኸው ነው። ነገር ግን ካሜራው ምስሉን በ4፡2፡0፣ ማለትም ብርሃኑን ሙሉ፣ ቀለሙን ግን ቀንሶ በሚይዝ አሠራር ሲመዘግብ፣ ፍሬሙ (እያንዳንዱ ነጠላ ምስል) 1920 በ1080 ነጥብ ቢሆንም ቀለሙ የሚቀመጠው በ960 በ540 ብቻ ነው፤ አራት ነጥቦች አንድ ቀለም ይጋራሉ ማለት ነው። በዘፋኟ ትከሻ ዙሪያ የሚታየው የመጋዝ ጥርስ የሚመስል ጠርዝ የሚመጣውም በአብዛኛው ከዚህ ነው። ካሜራው የዚህን እጥፍ ቀለም በሚይዘው በ4፡2፡2 መቅረጽ እየቻለ ሜሞሪ ለመቆጠብ ሲባል ሳይከፈት የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ወደ እኛ ጥፋት ልምጣ፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ብዙዎቻችን ሁሉንም ነገር በአንድ ኪይ (አረንጓዴውን መርጦ በሚያጠፋ አንድ ቅንብር) ለመጨረስ እንሞክራለን። ጥላ ያረፈበትን አረንጓዴ ለማጥፋት ኪዩን ባጠበቅን ቁጥር ጸጉሩ ይበላል፣ ነጠላው ይበሳሳል፤ ስናላላው ደግሞ ጥላው እንደ ጭስ ይቀራል። እኔ በመጀመሪያ ዘፋኟን ራቅ አድርጎ የሚከብ ማስክ (የምስሉን አንድ ክፍል ለይቶ የሚከልል መስመር) በእጄ ሳልኩ። ይህ ብቻውን የጨርቁን ዳር፣ የመብራቱን እግርና ግድግዳውን ስላስወገደ፣ ሶፍትዌሩ የሚታገለው በዙሪያዋ ከቀረው ጥቂት አረንጓዴ ጋር ሆነ። ቀጥሎ የምስሉን ቅጂ አውጥቼ ከብርሃን ማነስ የመጣውን ኖይዝ (በምስሉ ላይ የሚርመሰመስ ብናኝ) አጸዳሁ፤ የጸዳው ቅጂ የሚያገለግለው አልፋውን (የሚቀረውን በነጭ፣ የሚጠፋውን በጥቁር የሚያሳየውን ምስል) ለማውጣት ብቻ ነው፣ ለተመልካች የሚታየው ዋናው ምስል ካልሆነ ፊቷ እንደ ሰም ይለሰልሳል። ከዚያም ኪዩን ለሦስት ከፈልኩት፤ ለሹሩባዋ፣ ቀለሙን ከጸጉሩ ጥግ የወሰድኩለት ለስላሳ ኪይ፣ ለአካሏ ጠንከር ያለ፣ ጥላው ለወደቀበት ለታችኛው ክፍል ደግሞ ሌላ። አልፋውን በጥቁርና ነጭ ስመለከተው ደረቷ ላይ ግራጫ ነጠብጣብ ታየኝ፤ እንዲህ ያለውን ከውስጥ በኩል በማስክ መሙላት ይበቃል፣ ስለ እሱ ብሎ ጠርዙን መጉዳት አያስፈልግም።

ያስቸገረኝ ከትከሻዋ ወርዶ የተንጠለጠለው የነጠላው ጫፍ ነው። ሸማው ስስ ስለሆነ አረንጓዴው ጨርቅ በውስጡ ይታያል፤ የጥለቱ አረንጓዴ ደግሞ በዚያ ደካማ ብርሃን ከጨርቁ አረንጓዴ የማይለይ ሆኖ አብሮ ጠፋ። ባለ ሦስት ቀለሙ ጥለት ቢጫና ቀይ ብቻ ሆኖ ቀረ። እሱን የሚመልስ ቁልፍ የለም፤ ለ12 ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ 25 ፍሬም ስሌት በ300 ፍሬም ላይ፣ ጥለቱን እየተከተልኩ በእጄ መሳል ነበረብኝ። መብራት የጠፋበትን ሰዓት ሳልቆጥር ሁለት ምሽት ፈጅቷል።

ጨርቁ ወደ ጉንጭና ወደ ነጭ ልብስ የሚረጨው አረንጓዴ የሚቀነሰው አረንጓዴው ከቀዩና ከሰማያዊው አማካይ እንዳይበልጥ በመገደብ ነው። ገደቡ ሰማያዊው ብቻ ከሆነ ግን ጠይም ፊት ወደ ሐምራዊ ይዞራል። ወርቅም ያስቸግራል፤ ቢጫነቱ የሚገኘው ከቀይና ከአረንጓዴ ስለሆነ፣ አረንጓዴው ሲቀነስ የሙሽራ ሐብል መዳብ ይመስላል። ስለዚህ ጌጡን በማስክ ለይቶ ከእርማቱ ውጭ ማድረግ ይገባል።

ካሜራማን ወንድሞቼን የምለምነው ጥቂት ነገር ነው። ዘፋኙን ከጨርቁ ቢያንስ 2 ሜትር አርቁልን፤ ለጨርቁ የራሱን መብራት ስጡት፤ የካሜራውን አውቶማቲክ የብርሃንና የቀለም ማስተካከያ ዝጉ፤ ካሜራው በትራይፖድ ከቆመ ደግሞ ዘፋኙ ከመግባቱ በፊት ባዶውን ጨርቅ 10 ሰከንድ ቅረጹ፣ ሶፍትዌሩ የጨርቁን ጉድለት ከዚያ ይማራል። አረንጓዴ ጥለት ለለበሰ ሰው ሰማያዊ ጨርቅ ይሻላል፤ ነገር ግን የሰማያዊው ቀለም በደካማ ብርሃን ኖይዝ ስለሚበዛበት መብራቱ መጠናከር አለበት። እስክስታ ሲቀረጽ በ1/50 ሹተር (እያንዳንዱ ፍሬም ለ1/50 ሰከንድ ብርሃን ሲቀበል) ትከሻው ይደበዝዛል፣ የደበዘዘውም ጠርዝ ከአረንጓዴው ጋር ይቀላቀላል፤ 1/100 ድብዘዛውን በግማሽ ይቀንሳል፣ ከ50 ኸርዝ መብራታችንም ጋር ስለሚስማማ ምስሉ ላይ መስመር አያመጣም። ከዚያ በላይ መሄድ ግን በርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች ሥር ብልጭ ድርግም ያስከትላል።

ከላይ የጠቀስኩት ክሊፕ የተቀረጸው በ1/50 ነበር። ሹሩባዋ፣ ነጠላዋና ጥለቱ ድነዋል፤ እስክስታው ላይ ስትደርስ ግን በቀኝ ትከሻዋ ዙሪያ አረንጓዴ ጭላንጭል አለ፣ ልብሱን ሳልቆርጥ ላወጣው አልቻልኩም። ጸሐፊው ያዩት ክሊፕ ያ ከሆነ፣ ኤዲተሩ እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቪዲዮ አቀናባሪ፣ ከጎንደር