ሞግዚቷን ማን ያሠልጥናት?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በልጆች ማሳደጊያ ውስጥ በሞግዚትነት የምሠራ ሴት ነኝ። ስለ ሥራችን ሥልጠና የምለው ስላለኝ ነው የጻፍኩላችሁ።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ከአካላዊ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። እሰየው ነው። ዱላው ሲቀር ግን በምን እንተካው? ቁጭ አድርጎ ያስተማረን የለም። እኔ ባየሁት አዲስ ሞግዚት ተያዥ ታቀርባለች፣ ቁልፍ ትረከባለች፣ አልጋዎቹ ይቆጠሩላታል። በቃ፣ ሥራ ጀመረች።

አንድ ልጅ ነበረን። ማታ ማታ ዳቦ ትራሱ ሥር ይደብቃል። ሌባ አልነው፣ ተቆጣነው፣ ፍራሹን ገልብጠን ፈተሽነው። ጭራሽ ባሰበት፤ ካልሲው ውስጥ ሳይቀር መደበቅ ጀመረ። ኋላ ለተግባር ልምምድ የመጣች የሶሻል ወርክ ተማሪ፣ «ተርቦ ያደገ ልጅ ነገ የማገኝ አይመስለውም፣ ይሄ ሌብነት አይደለም» አለችን። አልጋው አጠገብ ዳቦ የማይጠፋበት ሳህን አስቀመጥንለት። ቀስ በቀስ መደበቁን ተወ። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ የሚነግረን ሰው ነበር ያጣነው።

የሶሻል ወርክ ትምህርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተከፍቶ ነበር፣ በደርግ ዘመን ተዘጋ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በማስተርስ ደረጃ መልሶ ጀመረው። ዛሬ ተመራቂ አለ። ነገር ግን ተመራቂው ቢሮ ገብቶ መዝገብ ይይዛል፣ ሪፖርት ይጽፋል፤ ከመሸ በኋላ ከልጆቹ ጋር የምንቀረው እኛ ነን። በጥር 2010 የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ከቀረ ወዲህ ደግሞ ልጆቻችን የሚያድጉት እዚሁ ነው። እዚህ አሳዳጊ ቤተሰብ ያላገኘው በእኛ እጅ ይቀራል።

የሙያ ኮሌጆች የመኪና ጥገናና የምግብ ዝግጅት በደረጃ ያስተምራሉ። የእኛንም ሥራ እንደዚያው ያስተምሩልን። ግማሹ በክፍል፣ ግማሹ በማሳደጊያው ውስጥ ልምድ ካላት ሞግዚት ጋር ይሁን። የተናደደ ጎረምሳ እንዴት እንደሚበርድ፣ ጥቃት የደረሰባት ልጅ ምን ምልክት እንደምታሳይ፣ የውሎ መዝገብ እንዴት እንደሚጻፍ እንማር። 18 ዓመት የሞላው ልጅ ለመውጣት እንዴት እንደሚዘጋጅ ደግሞ በተለይ። ብዙዎቹ ሽንኩርት ገዝተው፣ ከቤት አከራይ ጋር ተነጋግረው ሳያውቁ ነው የሚወጡት።

ሥልጠናውን ላጠናቀቀች ደመወዝ ይጨመርላት። አለዚያ የተሻለ ባገኘች ቀን ትሄዳለች፣ እሷን «እማዬ» ያለ ልጅ እንደገና እናት ያጣል።

የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርና የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በዚህ ላይ ቢቀመጡ ደስታዬ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱን ሲያረቁ ግን ከእኛ ከሌሊት ተረኞቹ ጥቂት ሰዎች ይጥሩ።

አንዲት ሞግዚት፣ ከአዲስ አበባ