ሴፍቲ ቫልቩ በሽቦ ታስሮ ነበር

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ደብረ ብርሃን አካባቢ በአንድ የወተት ማቀነባበሪያ የቦይለር (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያመነጭ ማሽን) ኦፕሬተር ነኝ። ባለፈው ክረምት የሌሊት ፈረቃ ስረከብ ሴፍቲ ቫልቩን በሽቦ ታስሮ አገኘሁት። «እያፈሰ እንፋሎት ስለሚያባክን ነው» አሉኝ። የግፊት መለኪያውን (ጌጁን) መስታወት በጣቴ መታ መታ ባደርገው መርፌው ንቅንቅ አላለም፤ ጌጁንም ማመን አልቻልኩም። ቦይለሩን አጥፍቼ ለአለቃዬ ደወልኩ። እስኪነጋ ሥራ ቆመ፤ ተቆጡኝም።

ሴፍቲ ቫልቭ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ እንፋሎቱን የሚያስተነፍስ የመጨረሻው በር ነው። እሱን አስሮ ቦይለር ማንደድ ቦምብ አጠገብ እንደ መቀመጥ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. በህንድ ቦፓል መርዛማ ጋዝ አምልጦ ሺዎች ሲያልቁ፣ ከደህንነት መሣሪያዎቹ አንዱ የሆነው የጋዙ ታንክ ማቀዝቀዣ አስቀድሞ ተዘግቶ ነበር።

የጥራቱም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እኛ ጀርሞቹ እንዲሞቱ ወተቱን በእንፋሎት አሙቀን በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ እናቆየዋለን። እንፋሎቱ ሲዋዥቅ ሙቀቱ ይወርዳል፤ ወተቱን የሚጠጡት ደግሞ ልጆቻችን ናቸው።

በጥገና ሠራተኞቹ አልፈርድም። መለዋወጫ ጠይቀው ወራት ጠብቀዋል፣ ምን ያድርጉ? ፋብሪካዎቻችንን የምለምነው ዕቃው ሳይበላሽ በፊት መለዋወጫው ስቶር እንዲገባ ነው። በርክክብ ጊዜ አስረካቢና ተረካቢ ቫልቩንና ጌጁን አብረው አይተው ይፈርሙ። «ይቁም» ያለ ሠራተኛም አይቀጣ።

የቦይለር ኦፕሬተር፣ ከሰሜን ሸዋ