ናታን ለመመለስ አንድ ሌሊት ነው የፈጀበት

እህት ዓለም፣

እኔ ነኝ። ጽሕፈቴን አይተሽ "ማን ሞተ?" እንዳትዪ፤ ማንም አልሞተም። ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ስለ ምን እንዳፈርኩ ከታች እመጣበታለሁ፣ ድፍረቱ ካጠረኝም አልመጣበትም። ይቅርታ። ይኸው ብያለሁ። አሁን የያዘኝን ነገር ልንገርሽ፣ ለሌላ ሰው የማወራው አይደለም።

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ደብዳቤ ተቀምጧል። አንዱ የሰው ሠራሽ እግር ሥራ ትምህርቴን ለሁለት ዓመት እንድቀጥል ተቀብለናል የሚል ነው። ስንት ዓመት ስለፈልፍብሽ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። ሌላው ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች የመጣ ነው፤ ሥራሽን ትተሽ የወጣቶቹን አገልግሎት በሙሉ ጊዜ ያዢ ይላል። ሁለቱም እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ። አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶኛል።

የመጀመሪያው ሳምንት ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ትምህርቱ የእኔ ህልም፣ አገልግሎቱ የጌታ ጥሪ። ስለዚህ ህልሜን መሠዊያው ላይ አስቀምጣለሁ፣ አበቃ። በምስክርነት ሰዓት ምን እንደምናገር ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር። አትሳቂ! "በእጄ የነበረውን ትቼ የእርሱን እጅ ያዝኩ" የምትል ዓረፍተ ነገር ሠርቼ፣ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኳት። ድምፄ የትኛው ቃል ላይ እንደሚሰበር ሁሉ አውቀው ነበር።

በሦስተኛው ልምምድ ላይ መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴትዮ አየኋት። ደስ ብሏታል። መሥዋዕት የምታቀርብ ሰው ፊት አልነበረም፤ የተሾመ ሰው ፊት ነው። ሁላችንም ስንሰብከው የኖርነው "የግል ምኞት" እንዲህ ዓይነት ፊት ያለው ይመስለኛል። እኔ ግን ስፈልገው የከረምኩት ትምህርቱ ጋ ነበር።

ባለፈው ያጋጠመኝን ልንገርሽ። ግራ እግሩ ከጉልበት በታች የተቆረጠ አንድ ሰው መጣ። በፊት የተሠራለት ነበረው፤ ሲረግጠው እያቆሰለው አውልቆ ጥግ ካስቀመጠው ቆይቷል። እንግዲህ ከዜሮ ጀመርኩ። እርጥቡን የጀሶ ፋሻ እጠመጥምበታለሁ፤ ጀሶው ከመድረቁ በፊት ሁለቱን አውራ ጣቶቼን ከጉልበቱ ሎሚ በታች፣ በጅማቱ ግራና ቀኝ አሳርፌ እጫናለሁ። ክብደቱን ከሚሸከሙት ቦታዎች አንዱ እሱ ነው። ያለኝ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ጣቴ ከተንሸራተተ እንደገና ነው። ከዚያ ቅርጹ ውስጥ ጀሶ አፍስሼ ሲጠነክር በሞረድ እይዘዋለሁ። ሸክም የሚችለው ቦታ ላይ እፍቃለሁ፤ አጥንቱ ቆዳው ሥር ብቅ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ጀሶ እጨምራለሁ፣ ሶኬቱ (የተቆረጠው እግር የሚገባበት ዋንጫ) እንዳይነካው። በዚያ ላይ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ እንደጋለ ይለብሳል።

የሚሞከርበት ቀን እግሩን ጠረጴዛ ላይ ለክቼ፣ አላይመንቱን፣ ማለት የሶኬቱንና የመርገጫውን አሰላለፍ፣ ቀጥ አድርጌ ሰጠሁት። በሁለቱ መደገፊያ ብረቶች መካከል ቆሞ ሲረግጥበት ጉልበቱ ወደ ውጭ ሄደበት። ጠረጴዛ ላይ እንከን አልነበረውም እኮ! ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ሰውዬው ካልተራመደበት የጠረጴዛው ልክ ግምት ነው። ተንበርክኬ አንዱን ብሎን ላላ፣ ማዶ ያለውን ጠበቅ እያደረግኩ የእግሩን መርገጫ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውጭ አወጣሁት። ሂድ። ተመለስ። እንደገና ሂድ። ስንት ጊዜ እንዳመላለስኩት አላውቅም፤ አንድ ጊዜም አልተቆጣኝም።

በመጨረሻ ተቀመጠና ከቦርሳው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የግራ ጫማው ነው። የቀኙ ጫማ ተረከዙ አልቆ፣ ጫፉ ተልጦ፣ ቀለሙ ጠፍቷል። የግራው ከሱቅ የወጣ ይመስላል። አንድ ጥንድ ናቸው፣ እህቴ። ራሱ አጎንብሶ ካሰረው በኋላ ሁለቱን እግሮቹን ጎን ለጎን አድርጎ ዝም ብሎ አያቸው። እኔም አብሬው አየሁ። ቤት ገብቼ እጄን ስታጠብ ነው ትዝ ያለኝ፤ ያን ቀን ሙሉ ስለ ራሴ አንድም ነገር አላሰብኩም ነበር። ማን አየኝ፣ ምን አሉኝ፣ ምን እባላለሁ... ምንም።

ይህን ለአንድ ሽማግሌ ስነግራቸው (ደግ ሰው ናቸው፣ ይወዱኛል) "እሱማ ሥራ ነው፣ እኛ የምንጠራሽ ለአገልግሎት ነው" አሉኝ። ባስልኤልን ልጠቅስባቸው ፈልጌ አፌን ያዝኩ። በዘጸአት 31 "የእግዚአብሔርን መንፈስ ሞላሁበት" የተባለለት ሰው እኮ ወርቅ፣ ድንጋይና እንጨት የሚሠራ ባለ እጅ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ የተባለለት ሰው አታገኚም። አሮን ሊቀ ካህናት ሆኖ ልብሱን ሲለብስ እንኳ ልብሱን የሰፉትም ጥበበኞች ናቸው። ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ በመርፌ የተወጋ ጣት ያለው ሐዋርያ! አላልኳቸውም። ተከራካሪዋ አንቺ ነሽ።

ደግሞ እንዲህ ስጽፍልሽ የወሰንኩ እንዳይመስልሽ። የሚያስፈራኝ ሌላው ወገን አለ። ምናልባት ከወጣቶቹ መሸሽ ይሆናል። ጀሶ አይጠይቅሽም፣ በሌሊት "እምነቴ ጠፋብኝ" ብሎ አይደውልልሽም፣ ፊቱን አያዞርብሽም። ደክሞኛል፤ ይህን ለሽማግሌዎቹ አልነገርኳቸውም፣ ለአንቺ ነው የምነግረው። ሰው ሲጠይቀኝ "ስለ ትምህርቱ ሳስብ ውስጤ ሰላም አለው" እላለሁ፣ እነሱም "እንግዲህ ፈቃዱ ነው" ይሉኛል። ግን ዮናስም ወደ ተርሴስ በምትሄደው መርከብ ውስጥ፣ በማዕበል መሀል፣ ከባድ እንቅልፍ ተኝቶ ነበር። ጌታ ደግሞ በጌቴሴማኒ በፈቃዱ መሀል ሆኖ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ይወርድ ነበር። ታዲያ ሰላሜን ምን ልበለው? የዮናስ እንቅልፍ ቢሆንስ?

እሺ። አሁን ያልኩሽን ልምጣበት። ሻይ አፈልቼ ተመለስኩ፣ አልጠጣሁትም።

ያ ፎርም።

ሞልተሽው፣ ፎቶሽን ለጥፈሽ፣ ፊርማሽ ብቻ ሲቀር ይዘሽው የመጣሽበት ማታ። ዳኛ የመሆን ነገር ከልጅነትሽ ጀምሮ ያለ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እኔም መጽሐፌን ገልጬ ኤርምያስ 45ን አነበብኩልሽ፤ "ለራስህ ታላቅን ነገር ትፈልጋለህን? አትፈልገው።" አንብቤም አልቆምኩም። "ጌታ ለአንቺ ነው የተናገረው" አልኩሽ። ፎርሙን አጥፈሽ መጽሐፍሽ ውስጥ ስትከቺው አየሁሽ። እንደ ድል ነው የቆጠርኩት። በማግስቱ በጸሎት ኅብረት ላይ ሳልሰይምሽ ምስክርነት አደረግኩት፤ ሁሉም ግን ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ጌታ አልነገረኝም። ምንም አልሰማሁም ነበር፤ ይህን ከዛሬ በፊት ጽፌው አላውቅም። እንድትሄጂብኝ አልፈለግኩም። አብረን የጀመርነውን ቡድን ብቻዬን ልይዘው ፈራሁ። ፍርሃቴን ወስጄ "እንዲህ ይላል" አልኩበት።

ባለፈው ሳምንት የራሴ ሁለት ደብዳቤ ሲመጣ ለራሴም ያንኑ ቃል ልጠቅስ ምዕራፉን ገለጥኩት። አምስት ቁጥር ብቻ እኮ ነው! ያኔ ሙሉውን አላነበብኩትም ነበር። የተነገረው ለባሮክ ነው፤ በንጉሡ በኢዮአቄም በ4ኛው ዓመት የኤርምያስን ቃል ከአፉ እየተቀበለ በመጽሐፍ ለጻፈው ሰው። "በልቅሶዬ ደክሜአለሁ፣ ዕረፍትም አላገኘሁም" ይላል። ከተማው ሊፈርስ ነው፣ አገሩ ሊነቀል ነው። እግዚአብሔርም የሚለው በዚህ ፍርስራሽ መሀል ታላቅ ነገር አትጠብቅ፣ ነፍስህን ግን በምትሄድበት ሁሉ እሰጥሃለሁ ነው። ለደከመ ጸሐፊ የተነገረ ማጽናኛ ነው። ያ ሰው ደግሞ ንጉሡ ያን ክርታስ በቢላ እየቆረጠ እሳት ውስጥ ሲጥለው፣ ሌላ ክርታስ ይዞ ከመጀመሪያው ቃል እንደገና የጻፈ ሰው ነው። እኔ ይህን ሰው ወስጄ ፎርም ለመቅደድ ተጠቀምኩበት።

ከዚያ ናታን መጣብኝ። ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ልሠራ ሲለው "ሂድ፣ በልብህ ያለውን ሁሉ አድርግ" አለው፣ ሳይጠይቅ። ነቢይ ነው፣ ንጉሡ ወዳጁ ነው፣ ሐሳቡም መልካም ነው፤ ምን ያጠያይቃል? በዚያችው ሌሊት ቃል መጣለትና ተመልሶ ሄዶ አፈረሰው። የእኔና የእሱ ስሕተት ግልባጭ ነው፤ እሱ ቸኩሎ ሂድ አለ፣ እኔ ቸኩዬ አትሂጂ አልኩ። እሱ ለመመለስ አንድ ሌሊት ነው የፈጀበት። እኔ አራት ዓመት።

ሌላም ነገር አለበት፣ ስናነበው የምንዘለው። ሰሎሞን ቤቱን ሲመርቅ፣ እግዚአብሔር ለአባቱ ይህን በልብህ ማሰብህ መልካም አደረግህ ብሎት እንደነበረ ይናገራል። አንተ አትሠራውም ተባለ፣ ምኞቱ ግን ነውር አልተባለም። ዳዊትም አላኮረፈም፤ ወርቁን፣ ብሩን፣ የዝግባውን እንጨት ሰብስቦ የቤቱን ንድፍ ለልጁ ሰጠው። እኔ አንቺን አትሂጂ ማለቴ ሳያንስ መፈለግሽን ራሱን ኃጢአት አድርጌ አሸከምኩሽ። ለዚህ ነው ይቅርታ የምጠይቅሽ። ከላይ በችኮላ ያልኳት ያቺ ይቅርታ የዝምታው ናት። ይህችኛዋ ሌላ ናት።

እንደገና መመዝገብሽን ሰምቻለሁ። ክፍል ውስጥ ካሉት ሁሉ ትልቋ አንቺ ነሽ አሉኝ፤ ጥያቄ ስትጠይቂም መምህሩ መነጽሩን ያወልቃል አሉኝ። ሳቅኩ፣ ከዚያ ደብዳቤ ልጽፍልሽ ተቀምጬ "ውድ" ብዬ ተነሣሁ። ሦስት ጊዜ። ደስታዬን ብነግርሽ "ደግሞ አንቺ!" ትይኛለሽ ብዬ። መብትሽ ነው።

እንግዲህ አሁን የሚያሳፍረው ጥያቄ። ምከሪኝ። የህልምሽን መንገድ የዘጋሁብሽ ሰው ሆኜ ስለ ህልሜ ልጠይቅሽ መድፈሬን አውቃለሁ፣ ግን የመስታወቷን ሴትዮ ሳልነግርሽ ድሮም ታውቂያት የነበርሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ስጸልይ ድምፄ ሲቀየር ክርኔን ትቆነጥጪኝ አልነበር? አሁን የሚቆነጥጠኝ የለም፤ ሁሉም አሜን ይላል።

አንድ ነገር አስቤያለሁ፣ ሞኝነት ከሆነ ንገሪኝ። ሽማግሌዎቹን ለሁለቱ ዓመት የሙሉ ጊዜውን ሌላ ሰው ይያዘው፣ እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ስም፣ ያለ መድረክ ከልጆቹ ጋር ልቀመጥ ብላቸውስ? ይህን ሳስብ ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ "ያለ ስም" የሚለው ነው። ስለቆጨኝም ነው ትክክል ሳይሆን አይቀርም የምለው። ወይስ ይህም ራሱን የቻለ ልምምድ ነው? አየሽ፣ እንዲህ ነው የምዞረው።

ሰውዬው ሐሙስ ይመለሳል። ሳምንት ከሄደበት በኋላ ቆዳው የት ጋ እንደቀላ አይቼ ሶኬቱን ማስተካከል አለብኝ፤ መቅላቱ አይቀርም። ጫማዎቹንም አያለሁ።

ከሐሙስ በፊት ከጻፍሽልኝ ደስ ይለኛል። ተቆጪ፣ ስደቢኝ፣ እንደ ዳኛ ፍረጂብኝ፣ ይግባኝ አልልም። ብቻ ደብዳቤሽን "ጌታ እንዲህ ይላል" ብለሽ እንዳትጀምሪው።

የድሮዋ "ነቢይት"ሽ

ይህን ስም ያወጣሽልኝ ቀን ተቆጥቼ ሦስት ቀን አላናገርኩሽም፣ ታስታውሻለሽ?