ዩኒክስ «በነጻ» አልተሰጠም

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ዩኒክስ፣ ማለትም ስለ ኮምፒውተር ማስኬጃው ሥርዓት (ኦፐሬቲንግ ሲስተም)፣ ባወጣችሁት ጽሑፍ «መጀመሪያ በነጻ ነበር፣ በኋላ ስግብግብነት ገባ» የሚለው ነገር አልተዋጠልኝም። በ1969 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ቤል ላብስ በተባለ የምርምር ተቋም ውስጥ ሲጀመር ባለቤቱ የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ ነበር። ኩባንያው ደግሞ በ1956 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በገባው የፍርድ ቤት ስምምነት ከስልክ ሥራ ውጭ እንዳይነግድ እጁ ታስሯል። ሶፍትዌሩን እንደ ሸቀጥ መቸርቸር አይችልም ነበር። ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲዎች በትንሽ ክፍያ ከነምንጭ ኮዱ (ፕሮግራመሮቹ ከጻፉት የፕሮግራሙ ጽሑፍ ጋር) ሰጣቸው፤ ግን በፈቃድ ውል፣ ተፈርሞበት፣ ያለ ምንም የጥገና ድጋፍ። ከተበላሸ ራስህ ጠግነው ነው። ተጠቃሚዎቹ ተሰባስበው ስህተት መጠቋቆምና ማስተካከያ መለዋወጥ የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው፣ እኔም ከታሪኩ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይሄንን ነው።

በ1979 ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ሲወጣ ውሉ ኮዱን ክፍል ውስጥ ማስተማር ከለከለ። አምስተርዳም ያስተምር የነበረው አንድሩ ታነንባም ሚኒክስ የተባለውን ዩኒክስ መሰል ሥርዓት ከባዶ ተነስቶ የጻፈው ለዚህ ነው።

በ1984 ኤቲ ኤንድ ቲ ሲከፋፈል የንግድ እገዳው ተነሳ፣ የፈቃዱም ዋጋ እየናረ ሄደ። ከዚያ በ1992 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ከዩኒክስ ተነስቶ ባዘጋጀው ኮድ ላይ ክስ መጣ። በ1994 በስምምነት ሲያልቅ ከ18,000 ገደማ ፋይሎች እንዲወጡ የተደረጉት 3 ብቻ ናቸው። ሦስት ፋይል! ለዚህ ነው ሰው ሁለት ዓመት ያህል ኮዱን ለመንካት ሲፈራ የቆየው።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም አስተካክሉት።

አንባቢያችሁ